ከሃክኒ እስከ ባዝ በእግር፦ የሳምንታት ጉዞ አሰነዳድ

ከምሥራቅ ለንደን፣ ከሃክኒ ተነሥቶ የደቡብ እንግሊዝን ገጠር በማቋረጥ በምዕራብ በኩል ባዝ ከተማ ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል። መንገዱ ከ260 እስከ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከጥቂት ቦታዎች በቀር ውኃ አይለየውም። ከብሮድዌይ ማርኬት በታች በሚያልፈው በሪጀንትስ ቦይ ዳር ይጀመራል፤ በግራንድ ዩኒየን ቦይ ወደ ብሬንትፎርድ ይወርዳል፤ የቴምዝን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ ሬዲንግ ይደርሳል፤ ከዚያም በኬኔትና ኤቨን ቦይ ዳር ባዝ ይገባል። በመካከለኛ እርምጃ አሥራ አምስት የጉዞና ሁለት የዕረፍት ቀን፣ በጠቅላላው ሁለት ሳምንት ተኩል ይወስዳል።

እንግሊዝ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ስም ያላቸው የረጅም ጉዞ መንገዶች አሉ። በ1965 የተከፈተው ፔናይን ዌይ 431 ኪሎ ሜትር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የደቡብ ምዕራቡን ጠረፍ ተከትሎ የሚዞረው መንገድ 1,014 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አልፍሬድ ዌይንራይት በ1973 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ኮስት ቱ ኮስት ደግሞ ከምዕራብ ባሕር እስከ ምሥራቅ ባሕር 300 ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል። በመልክዓ ምድር ውበት የሃክኒው መንገድ ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ተራራ የለው፣ ገደል የለው። ነገር ግን ከቤት ደጃፍ ይነሣል፤ ደግሞም ከሀገራቸው ርቀው እንግሊዝ ውስጥ የኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ባለታሪኮችን ያገናኛል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተቀበሩት በዚሁ መንገድ ላይ ዊንዘር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት መንገዱ በሚያበቃበት በባዝ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ?» ብሎ ነው። መጀመር ያለበት ግን «ሲመሽ የት አድራለሁ?» ከሚለው ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ልማድ መንገደኛ የመሸበት ቦታ ሁሉ ቤቱ ነበር። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ለእግሩ ውኃ፣ ለጎኑ መደብ አይታጣም። ዛሬም ሰሜን ወሎ መቄት ውስጥ በማኅበረሰብ የሚተዳደሩት የእግር ጉዞ ማረፊያዎች የተሠሩት የአንድ ቀን መንገድ ያህል እየተራራቁ ነው፤ ተጓዡ ጠዋት ከአንዱ ተነሥቶ ማታ ሌላው ደጃፍ ይደርሳል። በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚሄደውም ቢሆን መሪና ጠባቂ አብረውት አሉ፤ ጓዙን በቅሎ ትጭንለታለች። እንግሊዝ ውስጥ መሪም፣ ጠባቂም፣ የሚያሳድር ደጅም የለም። ከወራት በፊት ያልተያዘ አልጋ ማታ አይገኝም። የቀኑ ርዝመት የሚወሰነው በእግር ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን አልጋው ባለበት ቦታ ነው።

ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ለምን አይቻልም? የእንግሊዝ ሕግ ለእግረኛ የሰጠው መብት የመስመር እንጂ የመሬት ስላልሆነ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 225,000 ኪሎ ሜትር የሚያህል የሕዝብ መተላለፊያ አለ፤ አብዛኛው የሚያቋርጠው የግል እርሻና ግጦሽ ነው። ባለመሬቱ መተላለፊያውን መዝጋት አይችልም። እግረኛውም ከመስመሩ ወጥቶ መንጎማለል አይፈቀድለትም። ይህ መብት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ሚያዝያ 1932 ላይ በቤኒ ሮትማን የተመሩ መቶዎች የሚሆኑ የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣቶች ለባላባቶች አደን በተከለለው በኪንደር ስካውት ተራራ ላይ በግልጽ ወጡ፤ ከመካከላቸው አምስቱ ታሰሩ። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 የወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች መተላለፊያዎችን በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ፤ ብሔራዊ ፓርኮችንና የረጅም ጉዞ መንገዶችን ያቋቋመውም ይኸው ሕግ ነው። የ2000ው ሕግ ደግሞ በተራራ፣ በቁጥቋጦማ ምድርና በተመዘገበ የወል መሬት ላይ እንደ ልብ መዘዋወርን ፈቀደ። ማደርን ግን አልጨመረም። ስኮትላንድ በ2003 ለእግረኛ ሰፊ መብት ሰጥታለች፤ በእንግሊዝ ግን ያለባለመሬቱ ፈቃድ ድንኳን መትከል በሕግ የሚፈቀደው ዳርትሙር ላይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ክርክር በኋላ በ2025 ነው የጸናው።

የቦይ ዳር መንገዶች ጉዳይ ትንሽ ይለያል። እነዚህ መንገዶች በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረስ የጭነት ጀልባ ይጎትትባቸው የነበሩ ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹን የሚያስተዳድረው በ2012 የተቋቋመው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ሁሉም የቦይ ዳር መንገድ የሕዝብ መተላለፊያ ተብሎ የተመዘገበ ባለመሆኑ ለጥገና ሊዘጋ ይችላል፤ ጥገናው የሚበዛው በክረምታቸው ወራት ነው። ከመነሣት በፊት የተዘጋ ቦታ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተጓዡ አጥር ላይ ደርሶ በመኪና መንገድ ዳር ለመዞር ይገደዳል።

ወቅቱን መምረጥ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ለንደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ነው። ዳሩ ግን እንደ አዲስ አበባ ክረምትና በጋ ብሎ አይለይም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ በየትኛውም ወር ይወርዳል። ስለዚህ ወቅት የሚመረጠው ከዝናብ ይልቅ በብርሃን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት አይሞላም፤ በጁን ከአሥራ ስድስት ሰዓት ያልፋል። በኢትዮጵያ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን መሆኑን ለለመደ ሰው ይህ ልዩነት ዕቅድን የሚያዛባ ነው። በሜይ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው፤ መንገድ የሳተ ሰው አቅንቶ ለመመለስ ጊዜ አለው።

ለሚጾም ተጓዥ ሜይ ሌላም ጥቅም አለው። ሚያዝያ 23 ላይ የሚገባው ይህ ወር አብዛኛውን ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይወድቃል፤ በዚያ ጊዜ ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። ፋሲካ እጅግ ቀድሞ ቢውል እንኳ በዓለ ሃምሳ ከሜይ ሦስተኛ ሳምንት በፊት አያበቃም። ጁን ላይ የሰኔ ጾም ይገባል፤ ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው። በጾም ወራት መሄድ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ዛሬ በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ከሥጋና ከወተት የጸዳ ምግብ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሃያ ኪሎ ሜትር መሄድ ነው፤ ይህንን አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይሻላል።

በሜይ መጀመሪያና መጨረሻ ሰኞ የሚውሉት የሕዝብ በዓላት መታወስ አለባቸው፤ በእነዚያ ቀናት ዙሪያ አልጋ ይወደዳል፣ ይታጣልም። ከጁን ጀምሮ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ዊንዘር አካባቢ የአስኮት የፈረስ እሽቅድምድም በጁን ይካሄዳል። ሄንሊ ላይ ከ1839 ጀምሮ የሚደረገው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የጁንን መጨረሻና የጁላይን መጀመሪያ ይይዛል። በኦገስት መጨረሻ የሬዲንግ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። መንገዱ በሦስቱም አጠገብ ስለሚያልፍ በእነዚያ ሳምንታት የሚነሣ ሰው አልጋ ፍለጋ ከመንገዱ ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር መራቁ አይቀርም።

ከሳምንቱ ቀናት ሰኞ መነሣት ይመረጣል። ምክንያቱ ዊንዘር ነው። ልዑል ዓለማየሁ የተቀበሩበት አፈር የሚገኘው በዊንዘር ግንብ ቅጥር ውስጥ ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ዘንድ ሲሆን ጸሎት ቤቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለጸሎት ብቻ ነው የሚከፈተው። ሰኞ ከሃክኒ የተነሣ በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ ዊንዘር ይደርሳል፤ ቅዳሜን አርፎ ይጎበኛል፤ እሑድ ጠዋት መንገዱን ይቀጥላል። ይህ አቆጣጠር አንድ ሌላ ችግርም ይፈታል፦ ብዙ የእንግዳ ቤቶች ቅዳሜና እሑድን ለአንድ ሌሊት ብቻ አያከራዩም። ዓርብና ቅዳሜን አንድ ቦታ የሚያድር ሰው ይህን ይሻገራል። ሁለተኛው ሳምንት ላይም በዚሁ ስሌት ሀንገርፎርድ ላይ ዓርብና ቅዳሜ ይታደራል፤ ባዝ የሚገባው ረቡዕ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከለንደን አይወጡም። ሰኞ ከብሮድዌይ ማርኬት ተነሥቶ፣ በሃገርስተንና በአይሊንግተን በኩል ሊትል ቬኒስ፣ ከዚያም በግራንድ ዩኒየን ቦይ የፓዲንግተን ቅርንጫፍ አልፐርተን ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማክሰኞ ከአልፐርተን ብሬንትፎርድ ይደረሳል፤ ረቡዕ በኪውና በሪችመንድ በኩል ሃምፕተን ኮርት። የሃክኒ ነዋሪ በእነዚህ ቀናት እየተመለሰ ቤቱ ማደር ይችላል። በተለይ ከሪችመንድ ተነሥቶ ሃክኒ ሴንትራል የሚያደርስ ሚልድሜይ የተባለ የባቡር መስመር ስላለ ባቡር እንኳ መቀየር አያስፈልግም። ለሦስት ሌሊት አልጋ አለመክፈል ትልቅ ቁጠባ ነው። ጫማው የላጠው ወይም ሻንጣው የከበደበት ሰው በየማታው ስሕተቱን ያርማል፤ የማያስፈልገውን አራግፎ ይወጣል። ሐሙስ ከስቴይንስም መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ግን ከዚህ በኋላ ማታ ማታ ቤት የሚገባ ሰው ጉዞ ጀመረ ማለት ያስቸግራል።

ውኃን ተከትሎ ለሚሄድ ሰው መንገድ መሳት አስቸጋሪ ይመስላል። ሆኖም ውኃው መንገደኛውን ጥሎ የሚጠፋባቸው ቦታዎች አሉ። አይሊንግተን ላይ ቦዩ 878 ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ዋሻው ዳር መሄጃ ስለሌለው እግረኛው በላይ በኩል በቻፕል ማርኬት ገበያ አቋርጦ በወዲያኛው አፍ ይወርዳል። ሊትል ቬኒስ ሲቃረብ ሌላ አጭር ዋሻ አለ። በልስ ብሪጅ በተባለው መገናኛ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ያስፈልጋል፤ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው የያዘው የበርሚንግሃምን መንገድ ነው። ሃምፕተን ኮርትን ካለፉ በኋላ የቴምዝ መንገድ ሼፐርተን ላይ በአነስተኛ ጀልባ ይሻገራል። ጀልባው በማይሠራበት ሰዓት የሚደርስ ሰው ከዚያ በፊት ባለው በዋልተን ድልድይ መሻገር ነበረበት፤ ውሳኔው ጀልባው ጋ ሳይደረስ መወሰድ አለበት። ሬዲንግ አፍ ላይ ኬኔት ከቴምዝ ጋር ይገናኛል፤ የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን ድልድይ ሳይሻገሩ በግራ ወደ ኬኔት መታጠፍ ግድ ነው። ከግሬት ቤድዊን በኋላ ደግሞ ሳቨርኔክ ላይ 459 ሜትር የሚረዝመው የብሩስ ዋሻ አለ፤ እሱንም በላዩ ነው የሚያልፉት።

ለዚህ ሁሉ የስልክ ካርታ ቢበቃም የወረቀት ካርታ መያዝ አይከፋም፤ ባትሪ ያልቃል፣ ዝናብ የስልክ መስታወት ያደናግራል። በ1791 የተመሠረተው ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያሳትማቸው ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ኤክስፕሎረር ካርታዎች በ1፡25,000 መጠን የተሠሩ ናቸው፤ የእያንዳንዱ እርሻ አጥር ሳይቀር ይታይባቸዋል፣ የሕዝብ መተላለፊያውም በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ተሥሎባቸዋል። ከደቡብ ለንደን እስከ ባዝ ያለውን ሀገር ከ155 እስከ 161 ያሉት ቁጥሮች ይሸፍናሉ። በእነሱ ላይ ለሰሜን ለንደን 173፣ በማርሎውና በሄንሊ ዙሪያ ላለው የቺልተርን ሀገር 171ና 172 ይጨመራሉ። ሁሉንም ተሸክሞ መሄድ ሞኝነት ነው፤ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ቆርጦ የሚይዝ አለ፣ ያለፈውን በፖስታ ወደ ቤት የሚልክም አለ። በመሬት ላይ ያሉት ምልክቶች ቀላል ናቸው። ቢጫ ቀስት የእግረኛ መተላለፊያ ነው፤ ሰማያዊው ለፈረስና ለብስክሌትም የተፈቀደ ነው። በቴምዝ ዳር የሚታየው የዛፍ ፍሬ ሥዕል የብሔራዊ የጉዞ መንገድ ምልክት ነው፤ የቴምዝ መንገድ ይህን ማዕረግ ያገኘው በ1996 ነው።

ከስቴይንስ ወደ ዊንዘር ያለው ቀን አጭር ነው፤ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ። በራኒሚድ መስክ ያልፋል፤ ንጉሥ ጆን በ1215 ማግና ካርታን የተቀበለው እዚህ ነው። የብዙ ሀበሻ ተጓዥ ሐሳብ ግን ከፊቱ ካለው ግንብ ጋር ነው። ልዑል ዓለማየሁ መቅደላ በሚያዝያ 1868 ከወደቀች በኋላ በሰባት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ ውስጥ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንዘር እንዲቀበሩ አደረገች። ዐፅማቸው ወደ ሀገሩ እንዲመለስ ከኢትዮጵያ ወገን ተደጋግሞ ተጠይቋል፤ በ2023 የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ በአካባቢው ያረፉ የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ወደ ጸሎት ቤቱ የሚገባው የግንቡን መግቢያ በመክፈል ነው፤ ወረፋውና ፍተሻው ጊዜ ስለሚወስድ የጉዞ ሻንጣን ማደሪያ ትቶ ቅዳሜን ሙሉ ለዚህ መስጠት ተገቢ ነው።

ከዊንዘር እስከ ማርሎው 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ ሄንሊና ወደ ሬዲንግ ያሉት ሁለት ቀናት አሥራ አራትና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ናቸው። ይህ የቴምዝ ክፍል የሀብታሞች ሀገር ነው፤ በወዲያኛው ዳር እስከ ውኃው የሚወርድ የአትክልት ቦታ፣ የታሰሩ ጀልባዎች ይታያሉ። እግረኛው ግን ሁሉን በነፃ ያያል። በ2019 መንግሥት ያስጠናው የተጠበቁ ገጠሮች ግምገማ ብዙ ዜጎች ገጠሩን የነጭና የመካከለኛ መደብ ክበብ አድርገው እንደሚያዩት ገልጿል፤ በዚያው ዓመት ጥቁር ሴቶችን ለእግር ጉዞ የሚያሰባስብ ብላክ ገርልስ ሃይክ የተባለ ቡድን ተመሥርቷል። በተግባር ሲታይ በመተላለፊያው ላይ የሚገናኙ ሰዎች ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ቀድሞ ሰላም ያለ ሰው ከጥያቄ ይልቅ ጨዋታ ይገጥመዋል።

ከሬዲንግ በኋላ ያለው የኬኔትና ኤቨን ቦይ በ1810 ተከፈተ፤ መሐንዲሱ ጆን ሬኒ ነበር። የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ቦዩ ተዳክሞ ፈራረሰ፤ በበጎ ፈቃደኞች የዓመታት ሥራ ታድሶ በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቀው ከፈቱት። በመንገዱ ላይ ካሉት ሥራዎች ሁለቱ ቆም ብሎ መታየት ያለባቸው ናቸው። አንዱ ክሮፍተን ላይ ያለው የውኃ መሳቢያ ነው፤ በ1812 የተተከለው የእንፋሎት ሞተር ዛሬም በዚያው በተሠራበት ቦታ ውኃ ወደ ቦዩ አናት ለመሳብ ይበቃል። ሁለተኛው ዲቫይዝስ አጠገብ ያለው የኬን ሂል የውኃ በሮች ሰልፍ ነው። ጀልባን ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚያሸጋግሩ ሃያ ዘጠኝ በሮች በሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 72 ሜትር ከፍታ ይወጣሉ፤ አሥራ ስድስቱ ቀጥ ባለ ቁልቁለት ላይ እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። ከሃክኒ የመጣ ሰው ይህን የሚወርደው ቁልቁል ነው። በዚህ አቅጣጫ የመሄድ ጉዳቱ ነፋስ ነው፤ እንግሊዝ ላይ አዘውትሮ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ዝናቡ ፊት ለፊት ይመጣል። ኮስት ቱ ኮስትን ብዙዎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ለዚሁ ነው። እዚህ ግን መንገዱ በሸለቆና በዛፍ ጥላ ስለሚሄድ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።

አልጋ የሚያዘው ከመጀመሪያው ሌሊት ሳይሆን ከከባዱ ሌሊት ተነሥቶ ነው። ዊንዘር፣ ሬዲንግና ኒውበሪ ከተሞች ናቸው፤ ምርጫ አላቸው። ከሬዲንግና ከኒውበሪ መካከል ባለው 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ ግን ኦልደርማስተን አካባቢ ማደሪያው ጥቂት ነው። ከሀንገርፎርድ እስከ ፒውዚ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጉዞው ረጅሙ ቀን የሚሆነው መካከል ላይ ያሉት መንደሮች ትንንሽ ስለሆኑ ነው። ፒውዚ ራሷ ጥቂት ክፍሎች ብቻ አሏት። እነዚህ ሌሊቶች ከተያዙ በኋላ ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይሰካል። የኦልደርማስተኑ ካልተገኘ ከዚያው በባቡር ተመልሶ ሬዲንግ ማደር፣ በማግሥቱ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል፤ ሐዲዱ ከሬዲንግ እስከ ፒውዚ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። ከፒውዚ በኋላ ግን ይህ መፍትሔ አይሠራም። ዲቫይዝስ የባቡር ጣቢያዋ በ1966 ከተዘጋ ወዲህ ባቡር የላትም፤ ሐዲዱ እንደገና የሚቀርበው ትሮውብሪጅና ብራድፎርድ ኦን ኤቨን አካባቢ ነው። የማደሪያው ዓይነት እንደ ኪሱ ነው፦ ቁርስ የሚጨምር የእንግዳ ቤት፣ ከመጠጥ ቤት በላይ ያለ ክፍል፣ ወይም ክፍያ ያለው የድንኳን ሰፈር። በቴምዝ ላይ ከአንዳንድ የውኃ በሮች አጠገብ ለእግረኛና ለጀልባ ተጓዥ የተዘጋጁ ትንንሽ የድንኳን ቦታዎች አሉ። ቁርሱ ብዙ ጊዜ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ስለሆነ አሳማ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው ቦታ ሲይዝ መናገር አለበት፤ ጠዋት ላይ ቢናገር የሚተርፈው ዳቦና ሻይ ነው።

ለሰውነት ዝግጅት ሃክኒ የታደለች ናት፤ የሊ ወንዝ ሸለቆ ከደጃፏ ነው። ከሃክኒ ማርሽስ በቶተንሃም በኩል ዎልታም አቢ ድረስ በወንዙ ዳር ሄዶ በባቡር መመለስ ለአንድ ቀን ልምምድ ይበቃል። ሌላው መልካም መለማመጃ ወደ ዉድፎርድ ግሪን የሚወስደው ነው። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1930ዎቹ የአየር ድብደባን ለመቃወም ያቆመችው የድንጋይ ቦምብ ሐውልት እዚያ አለ፤ ለኢትዮጵያ የምትሟገትበትን ጋዜጣ በ1936 ማሳተም የጀመረችውም ከዚያው ከዉድፎርድ ነው። ልምምዱ ላይ ወሳኙ ርቀቱ አይደለም። ሃያ ኪሎ ሜትር ለአንድ ቀን ማንም ጤነኛ ይሄዳል፤ ችግሩ በማግሥቱ፣ በሠልስቱም መድገሙ ነው። ስለዚህ ከመነሣት ስምንት ሳምንት ያህል ቀድሞ በሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ ቅዳሜንና እሑድን በተከታታይ፣ በመጨረሻም ሙሉውን ሻንጣ ተሸክሞ መሄድ ይገባል። እግር ውኃ የሚቋጥረው በአብዛኛው በእርጥበትና በመፋተግ ነው። ጫማው በልምምዱ ያለፈ፣ ማታ እግር ሲያብጥ የማይጨንቅ ይሁን። ካልሲ የሱፍ ሆኖ በቀትር ይለወጥ። መፋጀት የጀመረ ቦታ ላይ እዚያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ያሻል፤ «ስደርስ አየዋለሁ» ያለ ሰው ሦስት ቀን ያነክሳል።

አልጋ ተከራይቶ የሚሄድ ሰው ጓዝ ከራሱ ክብደት አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ የዝናብ ካፖርት፣ አንድ የሙቀት ልብስ፣ ሁለት ቅያሬ፣ የስልክ ኃይል ማጠራቀሚያ፣ መድኃኒት፣ ውኃ መያዣ፤ ከዚህ ያለፈው በአብዛኛው ፍርሃት ነው። ስንቅን በተመለከተ ሱቅ የሚሸጡትን ጣፋጭ ቁርጥራጮች ከመግዛት በሶ ይሻላል። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ ለረጅም ሰዓት ሆድ ይይዛል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለኪስ ይሆናሉ። የቦይ ውኃ አይጠጣም፤ ቧንቧ ግን በየከተማው፣ በየመጠጥ ቤቱ አይታጣም። በትንንሽ መንደሮች ወጥ ቤት ከምሳ በኋላ ተዘግቶ ምሽት ላይ ብቻ ስለሚከፈት፣ በሰባት ሰዓት ያልበላ ሰው እስከ ማታ ስንቁን ተማምኖ ይሄዳል።

አደጋው ጥቂት ነው፤ ግን ሀገሬው የሚያውቀውን ማወቅ ይጠቅማል። ለንደን ውስጥ በቦይ ዳር ብስክሌት ይበዛል፤ ከጨለመ በኋላ በዚያ መሄድ አይመከርም። በቴምዝ ዳር ባሉ መስኮች ከብት ይሠማራል፤ ላምንና ጥጃዋን ከፍሎ መሐል መግባት ለማንም የኢትዮጵያ ገበሬ የማይነገር ስሕተት ነው፣ ከተሜ ግን ይሠራዋል። ሣር ረዘም ባለበት መዥገር አለ፤ ላይም የተባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ማታ እግርንና ብብትን መፈተሽ፣ ክብ ቅላት የታየበትም ሐኪም ማየት አለበት። ሳማ በየመንገዱ ዳር ስለሚበቅል አጭር ሱሪ የለበሰ ይማረራል። ለአስቸኳይ አደጋ 999፣ ለሕክምና ምክር 111 ይደወላል። የየዕለቱን መነሻና ማደሪያ የያዘ ወረቀት አንድ ዘመድ ዘንድ መተው፣ ማታ ማታም መድረስን ማሳወቅ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

የመጨረሻው ቀን ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን ባዝ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦዩ ኤቨን ወንዝን ሁለት ጊዜ በድንጋይ ድልድይ ላይ ይሻገራል። ፌርፊልድ ሃውስ የሚገኘው በከተማዋ ምዕራብ፣ ኒውብሪጅ ሰፈር ስለሆነ ከመሐል ከተማ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤቱን በ1936 ገዝተው እስከ 1940 ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ኖሩበት፤ የሕይወት ታሪካቸውን ማስጻፍ የጀመሩት በዚሁ የባዝ ዘመናቸው ነው። በ1954 ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን አበረከቱት። ቤቱ ለጎብኚ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ የሚከፈትበትን ቀን ከመነሣት በፊት መጠየቅ፣ ረቡዕ ካልሆነም ባዝ ላይ ተጨማሪ ሌሊት መያዝ ያስፈልጋል። ለመመለስ ከባዝ ስፓ ጣቢያ ወደ ፓዲንግተን ቀጥታ ባቡር አለ፤ ቀኑ ተቆርጦ አስቀድሞ የተገዛ ቲኬት ይረክሳል። ጊዜና ጉልበት የተረፈው ደግሞ ከባዝ አቢ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ በሚጀምረው በኮትስዎልድ ዌይ 164 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ቺፒንግ ካምደን ሊቀጥል ይችላል፤ ያ መንገድ ከውኃ ዳር ወጥቶ በተረተር ላይ የሚሄድ በመሆኑ ለአንድ ቀን የሚታሰበው ርቀት መቀነስ፣ አልጋውም ከሃክኒ ሳይነሡ መያዝ አለበት።